ለሙዚቃ ቱር የምትወጡ ልጆች፣ አዳፕተራችሁን ገልብጣችሁ እዩ

ለገጣፎ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ከርማችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ልትወጡ ነው? ደስ ይላል! ግን ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት የኪቦርዱንና የፔዳሉን አዳፕተር ገልብጡና ደቃቋን ጽሑፍ አንብቡ። «100-240» ቮልት የሚል ከሆነ ለስፒናው ማገናኛ ብቻ ይበቃችኋል። 220 ብቻ ካለ አውሮፓ ችግር የለም፣ እዚያ 230 ነው። አሜሪካ ግን 120፣ ጃፓን ደግሞ 100 ቮልት ስለሆነ በደንብ አይሠራላችሁም።

የሚከፋው ግልባጩ ነው። እኛ አሜሪካ የገዛነውን ባለ 120 አዳፕተር ለገጣፎ መጥተን ሰካነው። ጧ አለ። ክፍሉ በሙሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ለሳምንቱ ዝግጅት ኪቦርድ ስንለምን ከረምን።

ማሲንቆ ከያዛችሁ ከበረራ በፊት ጭራውን አላሉት። ቆዳው አየር ያውቃል፤ እርጥበት ያረግበዋል፣ ድርቀት ይወጥረዋል። ስለዚህ ቫን ውስጥ ከማሞቂያው አርቁት። ከመድረክ በፊትም ግማሽ ሰዓት ያህል ከቦርሳው አውጥታችሁ ክፍሉን አስለምዱት። ተጠባባቂ የፈረስ ጭራም ያዙ፣ ጭራው ሲበጠስ የትም ሮጣችሁ አትገዙም።

ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው፤ ከሚጫነው ጋር አይሄድም።