የድሮ ማሊያችሁን ከፌስታል አውጡት

ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የለበሳችሁት ማሊያ አሁንም ካለ፣ እባካችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ አታስቀምጡት። የጣና ዳር ክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ማሊያው ይሻግታል። የታተመው ቁጥርም እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲገለጥ ይላጣል፤ ያ ደግሞ አይመለስም።

ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ቁጥሩ ላይ ካውያ በፍጹም! ስታጥፉት በቁጥሩና በስሙ ላይ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭም ይበቃል። የተጫዋች ፊርማ ያለበትን ግን ውኃ አታስነኩት። የትኛው ጨዋታ ላይ እንደተለበሰ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ትኬቱ ካለማ እሰየው!