መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ አብሮ እንዳይጨልም፦ ለ12 ቤት የሚሆን ማይክሮግሪድ እንዴት ይሰራል

ወሎ ላደገ ሰው መብራት ጠፋ ማለት ዜና አይደለም፣ ሻማው የት እንዳለ በጨለማ እናውቃለን። የ2013/14ቱ ጦርነት ጊዜ ግን ሌላ ነበር፣ ወልድያና ላሊበላ አካባቢ ለወራት ኮረንቲ ሚባል አልነበረም። መስመሩ ከሩቅ ስለሚመጣ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዛ ወዲህ ያለው ሁሉ አብሮ ይጨልማል። ማይክሮግሪድ ማለት እንግዲህ የራሱ ማመንጫና ባትሪ ያለው የሰፈር መስመር ነው፣ ዋናው ሲጠፋ ተነጥሎ ለብቻው ይሰራል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አድሁንታስ ሚባል ተራራማ ከተማ አለ፣ በ2017 (በፈረንጅ) ማሪያ ሚባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን መብራት ሲያጠፋ እዛ ሶላር የነበረው አንድ የማህበረሰብ ቤት መብራቱ ስላልጠፋ ሰው እዛ ነበር ሚሰበሰበው፣ በኋላ እዛው ከተማ ውስጥ ማይክሮግሪድ ተዘረጋ።

ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው "ፓኔል ስንት ገባ?" ነው። እሱ መጨረሻ ነው ሚመጣው። መጀመሪያ ሚያስፈልገው ደብተርና እስኪርቢቶ ነው። ቅሬው (እድሩ) ሲሰበሰብ፣ ቡና ላይም ይሁን፣ ዋናው መብራት ሲጠፋ ምን ምን ይብራ ሚለውን ተነጋገሩና ጻፉት። እኛ ጋ አንዲት እናት "ምጣዴስ ልጄ?" አሉኝ። "አብሽሩ እማማ፣ ምጣዱ በዋናው ነው፣ ሲጠፋ በእንጨት" አልኳቸው፣ ደስ አላላቸውም ግን ሂሳቡ እንደዛ ነው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚስብ በአንድ ሰአት ብቻ የሰፈሩን የቀን ፍጆታ ከግማሽ በላይ ይበላል። ወፍጮም እንደዛው፣ አይታሰብ።

ሂሳቡን እንስራው። አንድ ቤት 4 አምፖል ባለ 9 ዋት 5 ሰአት ቢያበራ 180፣ ቴሌቪዥን 60 ዋት 3 ሰአት 180፣ ስልክ ምናምን 40፣ ድምር 400 ዋት ሰአት። በ12 ቤት 4.8 ኪሎዋት ሰአት ነው። ኢንሱሊን ሚቀመጥበት አንድ የጋራ ፍሪጅ 1.2 ብንጨምር 6 ይሆናል። በኢንቨርተር (የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ቤት 220 ቮልት ሚቀይረው ዕቃ)፣ በባትሪና በሽቦ ሚባክነው ሲታሰብ ደሞ 8 ያዙ። በጋ ላይ ፀሀዩ በቀን 5 ሰአት ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፣ ግን ሐምሌና ነሐሴ የደሴው ጦሳ ተራራ በደመና ሲሸፈን እሱን አትመኑት፣ እኔ በ4 ነው ማሰላው፣ 8 ለ4 ሲካፈል 2 ኪሎዋት፣ ማለትም ባለ 550 ዋት 4 ፓኔል። ደመናው ለቀናት ከተከታተለ እሱም አይበቃም፣ ያኔ ቴሌቪዥን ይቀራል በቃ። ባትሪው ባለ 48 ቮልት 200 አምፒር ሰአት ሊትየም (10 ኪሎዋት ሰአት ይይዛል፣ 8ቱን ትጠቀማላችሁ)። የአሲድ ባትሪ ርካሽ ነው ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚ የእጥፉን ያህል ልትገዙ ነው፣ ርካሽነቱ እዛ ላይ ያልቃል። ኢንቨርተሩ ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ (ከፀሀይም ከባትሪም ከዋናው መስመርም ሚሰራ) ይሁን፣ ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ከተጻፈበት በብዙ እጥፍ ይስባል። ባትሪ ሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ ሚሰራ ኢንቨርተር እንዳትገዙ ደሞ፣ እሱ ዋናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ አሰራሩ ነው።

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል አድርጉት፣ ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል። በጋ ላይ ግን እጃችሁን አትሰብስቡ፣ ጠዋት ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሽቦ ላይ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሞክር ከባትሪው በቀጥታ 12 ቮልት 40 ሜትር ርቆ ወዳለ ጎረቤት ቤት በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ነው) ሽቦ ወሰድኩ። እዛ ሲደርስ 9 ቮልት ምናምን ሆነ፣ አምፖሉ እንደ ከሰል ፍም ቀላ ብሎ ቀረ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። ስለዚ ወደ 220 ቀይራችሁ ነው መዘርጋት፣ ዋናው መስመር ባለ 6 ካሬ፣ ወደየቤቱ ሚገባው 2.5 ይበቃል። እያንዳንዱ ቤት መግቢያ ላይ 2 አምፒር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ራሱ ሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርጉ፣ 440 ዋት ካለፈ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ምጣድ የሰካ ሰው ወዲያው ይታወቃል፣ ጭቅጭቅ የለም።

አሁን ሞት ያለበት ቦታ ላይ ደረስን። የናንተ ኮረንቲ ተመልሶ ወደ መብራት ኃይል መስመር መግባት የለበትም። ከገባ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተቃራኒው ይሰራና የናንተን 220 ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል፣ መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰራተኛ ይሞታል። መፍትሄው ቼንጅ ኦቨር ሚባለው መቀያየሪያ ነው፣ ባለ ሶስት ቦታ (ዋናው፣ ጠፍቷል፣ የናንተ)፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም፣ ማለትም ሁለቱንም ሽቦ ሚቆርጥ፣ ወይ ከዋናው ወይ ከናንተ እንጂ ሁለቱ በፍጹም ማይገናኙበት። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሶኬት ላይ መስካት ሚባለውን ነገር ጨርሶ እርሱት። ኧርዙንም (ወደ መሬት ሚወርደውን ሽቦ) አትዝለሉ፣ ደጋው መብረቅ ይወዳል። ይሄን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይስራው፣ እዚ ላይ ብር አይቆጠብም። ለጎረቤት በክፍያ ልትሸጡ ካሰባችሁ ደሞ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ገመድ ሳትገዙ በፊት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

መዋጮው እንደ ቅሬው ይሁን፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ ግማሹ ለነገ ባትሪ ሳይነካ ይቀመጥ። ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሁለተኛ ሰውም ይልመድ። ባትሪው 40 ፐርሰንት ሲደርስ ቴሌቪዥን፣ 30 ሲደርስ ከአንድ አምፖል ውጪ ሁሉም ይጠፋል፣ ፍሪጁ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል፣ ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኢንቨርተሩ አጠገብ ለጥፉት። በወር አንዴ ደሞ መብራት እያለ ማታ ሆን ብላችሁ ቼንጅ ኦቨሩን ወደናንተ አዙሩት፣ ሰአት ያዙና ባትሪው እስከ ንጋት ስንት ፐርሰንት እንደወረደ ደብተሩ ላይ ጻፉ።