ጓጉንቸሩ እምቢ ሲል

ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ መክፈት ስትለማመድ ከተበሳጨህ፣ መጀመሪያ ራስህን ሳይሆን ጓጉንቸሩን ጠርጥር። ጣና ዳር ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የወረደበት አሮጌ ጓጉንቸር ውስጡ ስለሚዝግ ባለሙያንም ያስቸግራል። ከባሕር ዳር ገበያ አዲስና ርካሽ ግዛ። የራስህ ይሁን፤ የበርህ ግን አይሁን፣ ሊበላሽ ይችላል።

አሜሪካዊው የቁልፍ ባለሙያ ሊነስ ዬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር ዛሬም አለ፦ ሞላ የሚገፋቸው ጥንድ ፒኖች (ትንንሽ የብረት ዘንጎች) በትክክለኛው ከፍታ ሲሰለፉ ውስጠኛው ሲሊንደር ይዞራል። የፒኖቹ ቀዳዳዎች ፍጹም ስለማይስተካከሉ፣ ሲሊንደሩን ለማዞር ስትሞክር አንዱ ፒን ከሌሎቹ ቀድሞ ይነከሳል። እሱን ፒኖቹን በምትገፋበት ሽቦ ፈልግ።

የብስጭቱ ዋና ምንጭ፣ በእኔ አስተያየት፣ ማዞሪያውን (ሲሊንደሩን የምታዞርበትን ብረት) አጥብቆ መጫን ነው። የስልክ ስክሪን የምትነካውን ያህል ብቻ ንካው። ካጠበቅኸው ፒኖቹ ሁሉ ተነክሰው ይቀራሉ፤ ሽቦህም ይጣመማል። ስትሰለች ማዞሪያውን ቀስ ብለህ ልቀቅና አድምጥ፦ “ጠቅ ጠቅ” ካለ በትክክለኛው ከፍታ የተያዙ ፒኖች ነበሩ፤ ዝም ካለ አንዱም አልተያዘም። ለዚህ እኔ የምመርጠው ማታን ነው፣ የባጃጁ ጩኸት ጋብ ሲል። ፒኖቹ የተያዙበትን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ያው ጓጉንቸር ብዙ ጊዜ ያንኑ ተራ ይደግማል።