ዚንክና ብረት የቀነሰበትን እህል በቤት ውስጥ እንዴት እናካክሰዋለን?

ስንዴ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛለት ይመቸዋል። ይፋፋል፣ ምርቱም ይጨምራል። ጉዱ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው።

ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ተመራማሪዎች በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ማሳዎች ላይ ጋዙን እየነፉ ወደ 550 አካባቢ አድርሰው ሞከሩት። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። የስንዴው ዚንክ በ9፣ ፕሮቲኑ በ6፣ ብረቱ በ5 በመቶ ገደማ ወርዷል። ወጡ ሳይጨመርበት ውሃው እንደበዛ ድስት በሉት።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ጓዳውን እንፈትሽ። ስንዴ፣ ሩዝና አተር ተጎጂዎች ናቸው። የአተር ሽሮም አያመልጥም። በቆሎና ማሽላ ግን በሙከራው ብዙም አልተነኩም። ቅጠላቸው ጋዙን ውስጡ አጠራቅሞ ስለሚሠራ ከውጭ ቢጨመርለትም ለውጡ ትንሽ ነው። ጤፍና ዳጉሳም የዚሁ ወገን ናቸው። ሳምንቱን በፓስታና በፉርኖ ዳቦ የሚገፋ ቤት ጥቂት ቀን እንጀራ ያስገባ። (ጤፍ ተወዷል እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ። ማሽላ ቀላቅሉበት።)

2. የስንዴ ዱቄት ስትገዙ ፉርሽካው ያልወጣለት ይሁን። ማዕድኑ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

3. አቡኩ፣ ዘፍዝፉ። እህል ውስጥ ብረትና ዚንክን ጨምድዶ የሚይዝ ፋይቲክ አሲድ አለ። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ይህን አሲድ ይሰብረዋል። ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ቂጣ ይህን ዕድል አያገኝም። ሽምብራና ባቄላ ደግሞ ማታ ይዘፍዘፍ። ጠዋት ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ቀቅሉ።

4. ምስሩ ከወጣ በኋላ ሎሚ ጭመቁበት፤ ወይ ጥሬ ቃሪያ አብራችሁ ብሉ። ቫይታሚን ሲ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። እሳት ላይ ከቆየ ግን ይጠፋል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይሁን። ነፍሰ ጡር የታዘዘላትን የብረት ክኒን ግን በዚህ አትተካ።

5. ቡናና ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ፤ ብረቱን ይይዙታል። የጀበናው እንኳን ብዙ አያሳስበኝም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል። እኔን የሚያስቸግረኝ ምሳ ሳይነሳ የሚመጣው የማሽን ማኪያቶ ነው።