ከተማው ሲቃጠል ልጁ የት ነበር? ለልጆች የቃጠሎ ታሪክ ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለልጆች የታሪክ ጀብዱ መጻፍ ቀላል ይመስላል። እሳት አለ፣ ልጅ አለ፣ ልጁ ይተርፋል፤ አለቀ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት። የ1666ቱን የለንደን ታላቅ ቃጠሎ መርጬ አንድ ምዕራፍ ጻፍኩና ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አቋረጠችኝ። «ግን ለምን ቀድመው አልወጡም?» መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉን አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በራሴም በጓደኞቼም ረቂቅ ላይ የማያቸው ስህተቶች እየተመላለሱ የሚመጡ ናቸው።

ትልቁ ስህተት ቃጠሎውን የአንድ ሌሊት ነገር ማድረግ ነው። እሳቱ ቦግ ይላል፣ ሰው ይጮኻል፣ ከተማው ይወድማል። የለንደኑ እንደዚያ አልነበረም። የተነሳው እሑድ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እንግሊዝ ያኔ በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር ስለምትሄድ በእኛ መስከረም 5 ቀን 1659 ይሆናል፤ ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል ነግሠው ሳለ። ቦታው ፑዲንግ ሌን የምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ያለ የቶማስ ፋሪነር ዳቦ ቤት ነበር። እሳቱ እስከ ረቡዕ ድረስ ነደደ። አራት ቀን!

በዚያ ሌሊት ሰው ምን አደረገ? ከንቲባው ቶማስ ብለድዎርዝ ተቀስቅሶ መጣ፣ አየው፣ «ሴት ሸንታም ታጠፋዋለች» ብሎ ናቀው ይባላል። የባሕር ኃይል ሹሙን ሳሙኤል ፒፕስን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሠራተኛው ቀሰቀሰችው። በመስኮት አየና «ሩቅ ነው» ብሎ ተመልሶ ተኛ። ይህን ራሱ ነው በማስታወሻው የጻፈው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ጥያቄዋ ተመለሰላት። ሰው ጭስ ስላየ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። የጎረቤቱ ጣሪያ ሲያያዝ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ጀብዱው ያለው ነበልባሉ ውስጥ አይደለም፤ «ምን እንያዝ? መቼ እንውጣ? በየት በኩል?» በሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ ነው። ፒፕስ ወይን ጠጁንና የፓርሜዛን አይቡን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ። ቴምዝ ወንዝ ላይ ዕቃ ከጫኑት ጀልባዎች ከሦስቱ በአንዱ ያህል እንደ ትንሽ ፒያኖ ያለ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳየም ይነግረናል። የጋሪ ኪራይ ሰማይ ነካ። እስቲ አስቡት፦ አባት የሥራ መሣሪያውን ይላል፣ እናት አልጋ ልብሱን ትላለች፣ ልጁ ደግሞ ድመቱን። እዚህ ላይ ሦስት ምዕራፍ አለ፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሳትወድቅ።

ልጁን እሳት አጥፊ ጀግና ማድረግም የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። የንጉሥ ጦር ያቃተውን የአሥር ዓመት ልጅ በባልዲ አያጠፋውም። በጋው ደረቅ ነበር፣ ከምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል፣ ቤቱ እንጨት ነው፣ ወንዙ ዳር ያሉት መጋዘኖች ቅጥራን፣ ሞራና ዘይት ታጭቀውባቸዋል። የነበረው መሣሪያ የቆዳ ባልዲ፣ ቤት መጎተቻ ረጅም ሜንጦና የእጅ ውኃ መርጫ ነው። የለንደን ድልድይ ሥር ውኃ የሚስበው መንኮራኩርም ራሱ ተቃጠለ። በመጨረሻ ቤቶችን በባሩድ እያፈነዱ ነው ለእሳቱ ክፍተት የፈጠሩት። ልጅ የሚችለው ሌላ ነገር ነው። የሰፈሩን መሹለኪያ ከአዋቂ በላይ ያውቃል። ታናሽ እህቱን አዝሎ በጋሪ መሐል ይሾልካል። ይህ ራሱ ጀግንነት ነው።

ያልነበረ ነገር ማስገባት ደግሞ አለ። አንድ ረቂቅ ላይ «ለእሳት አደጋ መከላከያ ንገሩ!» የሚል ጩኸት አይቻለሁ። ያኔ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የለም። ክብሪትም የለም፤ እሱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን አባት ለልጁ «ልጄ ሆይ፣ እንደምታውቀው ባለፈው ዓመት በ1665 ታላቅ ቸነፈር ከተማችንን መታ» ብሎ ሲያስተምር ነው። የሚያውቀውን ለምን ይነግረዋል? አጎቱ የሚተኛበት አልጋ ባዶ ነው በሉ፤ ልጅ ይገባዋል። (ቃጠሎው ቸነፈሩን አጠፋው የሚለውን ወሬም አትድገሙት። ቸነፈሩ ቀድሞ ቀንሶ ነበር።)

ሬሳ መከመርም ሆነ ሞትን ጭራሽ መደበቅ ሁለቱም አይሆንም። 13,200 ቤትና 87 ቤተ ክርስቲያን ወድሞ በስም የተመዘገበው ሟች ከአሥር አይሞላም። ድሃውን ማን ቆጠረው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የፋሪነር ቤተሰብ በላይኛው መስኮት ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሲሻገር ሠራተኛቸው ከፍታውን ፈርታ ቀረች። የመጀመሪያዋ ሟች እሷ ናት። ይህን ለልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል። ማስጌጥ ብቻ ነው የማይቻለው።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ፤ መጥፎ ሰው መፍጠር። ጀብዱ ያለ ጠላት አይሄድም ብለን አንድ ጢማም ባዕድ ችቦ አስይዘን በጨለማ እናስሮጣለን። ለንደን ያኔ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። እንግሊዝ ከሆላንድና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ ስለዚህ ሆላንዳዊና ፈረንሳዊ የሆነ ሁሉ መንገድ ላይ ተደበደበ። ሮበርት ሁበርት የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ «እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ» አለና በጥቅምት ወር ታይበርን ላይ ተሰቀለ። በኋላ እንደታወቀው ለንደን የገባው እሳቱ ከተነሳ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ክሱ ላይ ከፈረሙት ውስጥ የፋሪነር ቤተሰብ ሰዎች ነበሩበት። የዳቦ ጋጋሪው ቤተሰብ! ምድጃዬን አጥፍቼ ነው የተኛሁት ሲል የነበረው ሰውዬ። እንዲህ ያለ ነገር ታሪክ ራሱ ሰጥቶን ሳለ ባለ ችቦውን ምን አመጣው? እኔ አሁን በአዲስ እየጻፍኩት ያለው ልጅ አባቱ ሆላንዳዊ ነው። አፉን ከከፈተ አነጋገሩ ያጋልጠዋል። ከእሳቱም ከሰውም መሸሽ አለበት።

የመጨረሻው፣ እሳቱ ሲጠፋ ታሪኩን መዝጋት ነው። ቤት አልባው ሕዝብ ከቅጥሩ ውጭ ሙርፊልድስ ሜዳ ላይ ድንኳን ጥሎ፣ የቻለውን ዕቃ ከብቦ ተቀምጧል። ፒፕስ ከአንድ ጭስ ማውጫ ቀዳዳ ውስጥ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ፣ ግን በሕይወት ያለች ድመት ሲያወጡ አየ። ጆን ኤቭሊን የተባለው ሌላው ባለ ማስታወሻ በፍርስራሹ ሲሄድ መሬቱ የጫማውን ሶል አቃጠለው፤ ያለበትንም ያወቀው የአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ እያየ ነው። መሹለኪያውን ሁሉ በቃሉ ያውቅ የነበረው ልጃችን አሁን ወደ ሰፈሩ ይመለስ። ግራ ይዞር፣ ቀኝ ይዞር። በራቸው የነበረበትን ያጣው።