ስፒከራችሁ «እምምም» የሚል ከሆነ
ዘፈን ሳይከፈት ስፒከሩ «እምምም» ካለ፣ አምፑን (ለስፒከሩ ድምፁን የሚያጎላውን ዕቃ) አጥፍታችሁ ከቲቪና ከሪሲቨር የሚመጡትን የድምፅ ገመዶች ሁሉ ንቀሉና መልሳችሁ አብሩት። አሁንም ካልጠፋ የአምፑን የኃይል ካፓሲተር (ኤሌክትሪኩን የሚያለሰልሰውን ዕቃ) አስመርምሩ። ከጠፋ ግን አምፑ ደህና ነው፤ ዕቃዎቹ በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ በኧርዝ ሽቦው (ወደ መሬት በሚወስደው የደህንነት ሽቦ) እና በድምፅ ገመዱ በኩል የ50 ኸርዝ ጅረት እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ መልሱ፤ ጩኸቱ የተመለሰበት ገመድ ጥፋተኛው ነው። የዲሹንም ኬብል ከሪሲቨሩ ፈትታችሁ ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሶኬቱን የኧርዝ እግር ግን እባካችሁ አትቁረጡ! ጩኸቱ ቢጠፋም የአምፑ ብረት ሰው ሊይዝ ይችላል።

ምጣድ ሲጣድ ድምፁ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፦ 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፣ በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ለምጣዱ የራሱን መስመር አዘርጉለት።