የሞተር ሳይክል ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን እንዴት ይስተካከላል? ማርሹስ እንዴት ይቀየራል?

የገመድ ፍሪሲዮን የለመደ ሰው ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ያለው ሞተር ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈልገው ገመድ ማጥበቂያውን ነው። አያገኘውም። እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች ላይ ገመዱ ሲላላ ማጥበቂያውን ዞር ዞር አድርገን መንገዳችንን እንቀጥላለን። እኔ በምነዳው ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 1000 ላይ ግን የገመዱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። የፍሪሲዮኑን እጀታ ስትጨብጡ ላይ ያለው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ ታች፣ ከካቴናው የፊት ጥርስ አጠገብ ያለውን ፓምፕ ይገፋል። እሱ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ያላቅቃል። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ራሱን በራሱ ያመጣጥናል፤ ማጥበቅ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

ታዲያ ምኑን ነው የምናስተካክለው? የእጀታውን ርቀት፣ የዘይቱን ጤንነትና የራሳችንን እጅ ነው።

የእጀታው ርቀት

ሞተሩ ላይ ተቀመጡ፤ እንደምትነዱ ሆናችሁ እጃችሁን ዘርጉ። ክንዳችሁ፣ አንጓችሁና ጣቶቻችሁ ቀጥ ያለ መስመር ካልሠሩ እጀታው መሪው ላይ የታሰረበትን ብሎን አላልታችሁ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ አዙሩት። ብዙ ሞተሮች እጀታው ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ መዘውር አላቸው። እሱ እጀታውን ወደ ጣት ያቀርባል ወይም ያርቃል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ አቅርቡት፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ስትጨብጡ ፍሪሲዮኑ ሳይላቀቅ እጀታው የመሪውን ላስቲክ እንዳይነካ እዩ።

ትንሿ ክፍተት

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። እጀታው ፓምፑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት በጣም ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። በጣት ነካ ነካ ስታደርጉት ትሰማችኋለች። ያቺ ክፍተት ከጠፋች የፓምፑ ፒስተን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳም እንደተደፈነች ትቀራለች። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ያብጣል። መውጫ ስለሌለው እናንተ ሳትነኩት ፍሪሲዮኑን ይጨብጠዋል።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ለጌጥ ብዬ ሌላ እጀታ ገዝቼ ገጠምኩ። ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ሸራው አለቀ ብዬ ደነገጥኩ። ዳር ይዤ እጀታውን ስነካው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ታች ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ከፈት ሳደርገው ዘይት ጭር ብሎ ወጣ፣ ፍሪሲዮኑም ወዲያው ያዘ። የቀድሞውን እጀታ ስመልስ ችግሩ አብሮ ጠፋ። ሸራ ከማስቀየራችሁ በፊት ይህችን ክፍተት ፈትሹ።

ዘይቱ

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእኔ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነት) ይላል። ማጉራ ፓምፕ ያላቸው ብዙ ኬቲኤሞች ግን የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው። ሁለቱን ብትቀላቅሉ የውስጥ ላስቲኮቹ ያብጣሉ፣ ፓምፑም ይበላሻል። ዶት 4 ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ቀለም ስለሚያነሳ ታንኩን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ ይቀንሳል፤ የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ግን ዘይቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ እስከ አፉ አትሙሉት። ከቀነሰ ደግሞ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ የታችኛውን ፓምፕ ተመልከቱ።

አየር ማስወጣት

እጀታው ስፖንጅ ከሆነባችሁ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ጨብጣችሁም ሞተሩ ወደ ፊት ከሳበ፣ አየር ገብቷል። 8 ቁጥር ቁልፍ፣ ቀጭን የሚያሳይ ቱቦ፣ ጠርሙስና አዲስ ዘይት ያዙ።

1. መሪውን አዙራችሁ ማጠራቀሚያው አግድም እንዲሆን አድርጉ፤ ክዳኑን ክፈቱ።
2. ቱቦውን ታች ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ዘይት ውስጥ ንከሩት።
3. እጀታውን ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ጨብጡና ጨብጣችሁ ያዙት።
4. ብሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል። መጀመሪያ ብሎኑን ዝጉ፣ ከዚያ እጀታውን ልቀቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አየር መልሶ ይገባል።
5. አረፋው እስኪያልቅ ደጋግሙት። ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን በየመሃሉ ጨምሩ።

እምቢ ካለ ትልቅ ስሪንጅ ዘይት ሞልታችሁ ከታች ወደ ላይ ግፉት። አየር ተፈጥሮው ወደ ላይ መውጣት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ሞልቶ እንዳይፈስ ብቻ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

አሁን ማርሹ

ባዶ ሜዳ ፈልጉ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ጋዝ ሳትሰጡ እጀታውን በጣም በዝግታ ልቀቁ። ሞተሩ መሳብ የሚጀምርባት ነጥብ አለች። ጣታችሁ ያቺን ነጥብ ሳይፈልግ እስኪያገኛት ድረስ ደጋግሙት።

ወደ ላይ ስትቀይሩ እጀታውን እስከ ላስቲኩ መጨበጥ አያስፈልግም። የጫማችሁን ጫፍ ከፔዳሉ ሥር አድርጋችሁ ቀድማችሁ በስሱ ወደ ላይ ደግፉት። ጋዙን ቀነስ፣ እጀታውን ከነጥቧ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉ ማርሹ ራሱ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከዚያ እግራችሁን አንሱ። ፔዳሉ ላይ እግር አስደግፎ መንዳት የማርሹን ሹካ ይበላል።

ወደ ታች ስትቀይሩ አንድ በአንድ ይሁን። ጨብጡ፣ ለቅጽበት ያህል ትንሽ ጋዝ ስጡ፣ ፔዳሉን ተጫኑ፣ ልቀቁ። ያቺ ትንሽ ጋዝ የሞተሩን ዙር ከጎማው ጋር ስለምታገናኝ የኋላ ጎማው አይንሸራተትም።

መብራት ጋ ስትደርሱ ዜሮ ማርሽን ሞተሩ ገና እየተንከባለለ ሳለ፣ ከሁለተኛ ወደ ታች ግማሽ ጫን በማድረግ ፈልጉት። ከቆማችሁ በኋላ ዜሮው አልገባ ካለ አንደኛ ላይ ሆናችሁ ፍሬን ያዙ፣ እጀታውን እስከ ነጥቧ ለቀቅ እያደረጋችሁ ፔዳሉን በስሱ አንሱት። ሞተሩ ሞቆም በየመብራቱ ዜሮ የማይገባ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእግራችሁ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየተላቀቀ አይደለምና ወደ ቱቦውና ወደ ጠርሙሱ ተመለሱ።